የውሃ ልክ ወገብ

ሰው ሁሉ «ውሃ ልክ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ እሱ ያነጠፈው ወለል ላይ ብይ ብታስቀምጥ ካስቀመጥክበት ንቅንቅ አትልም። ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ የሠራው ይህንኑ ነው፤ የሰው መታጠቢያ ቤት፣ የሰው ማድቤት፣ የሰው ደረጃ። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል። ትከሻው ሰፊ፣ መዳፉ ሻካራ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። አገር ቤት ያለችው ሚስቱ «ባሌ አንድ ቃል ሲያወጣ ከኪሱ የሚከፍልበት ነው የሚመስለው» ትላለች።

አንድ ቀን ጠዋት፣ በአዲስ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክኮ የመጨረሻውን ረድፍ ያነጥፋል። አንዷን ሴራሚክ አስቀመጠ፤ በጎማ መዶሻው መታ መታ አደረጋት፤ ከዚያ ልነሳ አለ። ወገቡ እምቢ አለ። ግድግዳውን በእጁ ደግፎ እንደገና ሞከረ። ከወገቡ እስከ ተረከዙ ድረስ እሳት የመሰለ ነገር ለቀቀበት። እዚያው በጉልበቱ እንዳለ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ቀለም ቀቢው በኮሪደሩ ሲያልፍ አየው። ይህ ቀለም ቀቢ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ከውሃ ልክ ጋር የሚግባቡት በሥራ ቦታ በለመዷት፣ ሁለቱም በስደት በሚሠሩበት አገር ቋንቋ ነው። «ሰውየው እየጸለየ ነው» ብሎ አሰበና እንዳይረብሸው በእግሩ ጣቶች እየረገጠ አለፈ። ባልዲውን ሞልቶ ሲመለስም እዚያው ነው። «ይጨርስ» ብሎ ተወው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን በሥራ ሰዓት ይህን ያህል የሚረዝም ጸሎት በየትኛውም ሃይማኖት እንደሌለ ጠረጠረና አንገቱን ወደ ውስጥ ብቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ» አለ ውሃ ልክ፣ ግንባሩን ከግድግዳው ሳያነሳ።

«ታዲያ ለምን አትነሳም?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው።»

ቀለም ቀቢው ሌላ ሰው ጠርቶ፣ ውሃ ልክን እንደ በር በግራና በቀኝ ይዘው አወረዱት። መኪና ውስጥ ሲያስገቡት አልጮኸም። ላቡ ግን ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።

ነገሩ ያን ቀን የመጣ እንግዳ አልነበረም። ወገቡ ዓመታት ሙሉ ሲያጉረመርም ነው የኖረው፤ ሰሚ አጣ እንጂ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ከመልበሱ በፊት ወገቡን በሻሽ ጥብቅ አድርጎ ያስር ነበር። ጎንበስ ማለት ስለማይችል የጫማውን ክር አይፈታም፤ እንደታሰረ እግሩን እየታገለ ያስገባል። ማስታገሻ እንደ ከረሜላ ይቅማል። አንድም ቀን ግን «አመመኝ» ብሎ አያውቅም። «እዚህ አገር የታመመ ሠራተኛና የተሰነጠቀ ሴራሚክ አንድ ናቸው፤ ወዲያው በሌላ ይተካሉ» የሚል እምነት ነበረው። ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም፤ ራሱ ለራሱ የነገረው ነው።

እዚያ አገር ያለችው የሥጋ ዘመዱ አንዲት ናት፤ የእህቱ ልጅ። አረጋውያንን በምትንከባከብበት ቤት ነው የምትሠራው። ስልክ ተደውሎላት የሥራ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች፤ ሐኪም ዘንድ ይዛው የገባችውም፣ ያስተረጎመችውም እሷ ናት። ውሃ ልክ የሚሠራበትን አገር ቋንቋ ጨርሶ አያውቅም ማለት አይደለም። «ማጣበቂያ አቀብለኝ»፣ «ከፍ አድርገው»፣ «ነገ ያልቃል» ማለት ያውቅበታል። ስለ ሕመም የሚወራበት ቃል ግን በዚያ ቋንቋ አልነበረውም። ሥራ ቦታ ማን ያስተምረዋል?

ሐኪሙ የወገቡንና የጉልበቱን የምርመራ ፎቶ አይቶ ስብራት እንደሌለ፣ አከርካሪው ላይ ያለችው ዲስክ ግን ከቦታዋ ሸርተት እንዳለች፣ ጉልበቶቹም እንደተጎዱ ነገረውና ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላከው። ባለሙያዋ አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ሴት ነበረች።

«ሕመሙ እንዴት እንዴት ያደርግዎታል ነው የምትለው» አለች የእህቱ ልጅ።

«ይቆረጥመኛል በያት።»

አለቻት።

«አንዳንዴ ደግሞ ይወጋኛል። ከዚያ ይነዝረኛል።»

ልጅቱ «ይነዝረኛል» ላይ ስትደርስ ተቸገረች። በአፏ ቃል ፈልጋ ስታጣ፣ ተነስታ እንደ ኤሌክትሪክ እየተንዘረዘረች አሳየቻት። ባለሙያዋ ሳቀችና ጻፈችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በቅርቡ ነው በያት።»

የእህቱ ልጅ ወደ ባለሙያዋ ዞራ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ውሃ ልክ ከመሀል «ዓመታት» የምትለዋን ቃል ለቀም አደረጋት።

«እኔ እንደዚያ አልኩ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ሳይሆን እውነቱን ነው የተረጎምኩት።»

ባለሙያዋ አልጋ ላይ አስተኝታ እግሩን አንስታ አወረደችው፤ ጀርባውን በጣቶቿ ዳሰሰችው። ከዚያ የሚደረገውን ነገረችው። ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚሠራ እንቅስቃሴ አለ። ከባድ የማጣበቂያ ከረጢት ለብቻ ማንሳት ቀርቷል። መሀሉ የጎደጎደው ፍራሽ ይጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት እሷ ራሷ የምትመራው፣ ወገብና ጉልበታቸውን የታመሙ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ክፍል አለ፤ እዚያ ይምጣ። ልጅቱ የመጨረሻውን ስትተረጉም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ውሃ ውስጥ ይግቡ ነው የምትለው።»

«ታጥቤ ነው የመጣሁት በያት።»

«አይ ጋሼ፣ የመዋኛ ገንዳ ነው። ውሃ ውስጥ ሆነው ነው እንቅስቃሴውን የሚሠሩት።»

ውሃ ልክ ሻሹን ማሰር ጀመረ። «መድኃኒት እንድትሰጠኝ ንገሪያት።»

«መድኃኒቱ እሱ ነው አለች።»

ሻሹን ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው። ልጅ ሳለ ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ የአባቱን አህያ ከነጭነቷ፣ ዓይኑ እያየ ጠራርጎ ወስዷታል። የአህያዋ ጆሮ ለመጨረሻ ጊዜ ብቅ ሲል ዛሬም ይታየዋል። ከዚያ ወዲህ ከባልዲ የጠለቀ ውሃ አያምንም።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ገባ። አብሮት የሚኖረው ሰው ዕቃ አመላላሽ ሹፌር ነው፤ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ለዓመታት አብረው ኖረዋል። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ተቀምጦ ስለሚውል ሆዱ ከፊቱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሳቁ ግድግዳ የሚነቀንቅ ሰው ነው።

«ውሃ ልክ ውሃ ሊለካ ነው አሉ!» ብሎ ተቀበለው።

«ተወኝ እስቲ።»

«አይዞህ፣ ምን ያስፈራል? እኔ የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ። እኔ ፊት ስለ ውሃ አይወራም። ምክር ከፈለግክ ጠይቀኝ።»

«ካንተ ምክር ወገቤ ይሻለኛል» አለ ውሃ ልክ፣ እያቃሰተ እየተቀመጠ።

ገና እንደተቀመጠ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት። የእህቱ ልጅ ለእናቷ፣ እናቷ ለሚስቱ፤ ወሬው ባሕር ተሻግሮ የተመለሰው እሱ ደረጃውን ወጥቶ ሳይጨርስ ነው።

«ወገብህ እንዴት ዋለ?» አለችው፣ እንደዘበት።

«የቱ ወገቤ?»

«ስንት ወገብ ነው ያለህ?»

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ተነስቶ ወደ ማድቤት ገባ፤ በሩን ግን አልዘጋውም።

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ አልነገርከኝም። የሚያናድደኝ እሱ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? በስልክ ‹ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ› ስትለኝ፣ ለካ በሻሽ ታስረህ ነው!»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«እንዳልጨነቅ ከሆነማ ደህና አድርገህ አስጨነቅከኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከዚያ ራሷን ሰብስባ ቀጠለች። «ስማኝ። ልጆቹ ራሳቸውን ችለዋል። ቤቱም ቆሟል። ከእንግዲህ እኔ የምፈልገው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ባል ነው። እንደ መንጠቆ ተጣጥፈህ ብትመጣ አልረከብህም፤ ለመጣህበት ነው የምመልስህ።»

«ውሃ ውስጥ ግባ ነው የሚሉኝ።»

«ምን?»

«መዋኛ ገንዳ። ውሃ ውስጥ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለው። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ መጀመሪያ ታፍኖ፣ በኋላ እየተንተከተከ። «አንተ? ዝናብ ሲያካፋ በር የምትዘጋው ሰውዬ? አንተ?» ስትስቅ ስትስቅ እሱንም አሳቀችው፤ ሲስቅ ወገቡን ስለወጋው «ኧረ በቃሽ!» አላት። ሳቋ ሲበርድላት ግን ረጋ ብላ እንዲህ አለችው፦

«ግባ። አህያዋን የወሰዳት ወንዝ እኮ እዚያ ድረስ አልተከተለህም።»

ረቡዕ ዕለት የእህቱ ልጅ መጥታ ወሰደችው። ብቻውን ብትልከው መንገድ ላይ እንደሚጠፋ ታውቃለች። የዋና ቁምጣ የገዛችለትም እሷ ናት። ከከረጢቱ ሲያወጣው ሰማያዊ ሆኖ ትልልቅ ቢጫ ዓሣዎች አሉበት።

«ይሄ ምንድነው?»

«በእርስዎ ልክ የተገኘው ይሄ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«ለሽማግሌ ዓሣ?»

«ውሃ ውስጥ ማን ያየዋል?»

ፎጣውን ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎበት ከልብስ መቀየሪያው ወጣ። አዳራሹ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። ድምፅ ሁሉ ጣሪያው ላይ እየነጠረ ይመለሳል። ውሃው ውስጥ ስድስት ሰባት የሚሆኑ አዛውንቶች እየተንቦጫረቁ ነው። ባለሙያዋ ጥቁር የዋና ልብስ ለብሳ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ስታየው ሁለት እጇን አውለበለበች። ሁሉም ዞሮ አየው።

ጥርሱን ነክሶ ፎጣውን ለእህቱ ልጅ ሰጠና መደገፊያ ብረቱን ጨበጠ። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ያዘው። ለብ ያለ ነው። ሁለተኛው ላይ ጉልበቱን። ሦስተኛው ላይ ቆመ። በእጁ የገንዳውን ግድግዳ ሲዳስስ ሴራሚኩ ለስላሳ ነበር፣ መጋጠሚያውም አንድ ወጥ። «ያነጠፈው ሰው እጁ ይባረክ» አለ በሆዱ። በዚህ ትንሽ ተጽናናና ወረደ።

ያን ጊዜ አበባ ያለበት የዋና ቆብ ያደረጉ አንዲት ባልቴት በጀርባቸው ተንጋለው፣ እንደ ጀልባ እየተንሳፈፉ ከፊቱ አለፉ። ሲያልፉም አንድ እጃቸውን ከውሃው አውጥተው ሰላምታ ሰጡት። ውሃ ልክ ደንግጦም ቢሆን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ጎንበስ ብሎ! ባልቴቷ ካለፉ በኋላ ነው ያስተዋለው።

ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ባለሙያዋ እንዲራመድ ነገረችው። አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለት ሄደ። ቆም አለና ፊቱ ተለወጠ።

የእህቱ ልጅ ከገንዳው ዳር ሆና አይታው ተነሳች። «ምነው ጋሼ? አመመዎት?»

«አይ» አለ። «ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ሕመሙ።»

ጉልበቱን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ። ያ ሁልጊዜ የሚቆረጥመው፣ እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋው ጉልበት ዝም አለ። ወገቡ ላይ ለዓመታት ተቀምጦበት የነበረ ሰው በድንገት የወረደለት መሰለው። ከዳር እስከ ዳር እየሄደ ይመለስ ጀመር፤ በግድግዳው ላይ የተዘረጋውን መደገፊያ ብረት ግን አልለቀቀም። ፊሽካው ተነፍቶ «ለዛሬ በቃ» ሲባል ተናደደ። ደረጃውን ሲወጣ ክብደቱ በየእርከኑ እየተመለሰ ጫነው። ያም ሆኖ ሲገባ እንደነበረው አልሆነም። ፎጣውን ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣል አደረገውና፣ ዓሣዎቹን ለዓለም እያሳየ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረቡዖች በሕመም ፈቃድ ላይ ስለነበር ችግር አልነበረበትም። ሥራ ሲመለስ ግን ረቡዕ ከሰዓት ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነ። ውሃ ልክ ፎርማኑን ምንም ነገር ጠይቆት አያውቅም። ፎርማኑ ስልክ ከጆሮው የማይለይ፣ ሲሄድ የሚሮጥ የሚመስል ቀጭን ሰው ነው። የእህቱ ልጅ የሚናገረውን አስጠናችው፤ ጠዋት ጥርሱን ሲፋቅ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ደረጃ ሲወጣ ሲያነበንበው ዋለ።

«ረቡዕ ከሰዓት እሄዳለሁ። ሐኪም አዝዞልኛል» አለ በመጨረሻ፣ ኮሪደር ላይ አስቁሞት።

ፎርማኑ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «ሥራው እኮ ወደኋላ ቀርቷል። ሌላ ቀን አይሆንም?»

«አይሆንም። ረቡዕ ነው።»

ፎርማኑ ግንባሩን አሸ። ለነገሩ እሱም የራሱ ጣጣ ነበረበት። ውሃ ልክ በቀረባቸው ቀናት በእሱ ቦታ የገባው ሰው አንድ መታጠቢያ ቤት አንጥፎ ነበር፤ ውሃ ሲፈስበት ወደ ማስወገጃው መሄዱን ትቶ ወደ መኝታ ቤት ይገሰግሳል። የሕንፃው ባለቤት በዓይኑ አይቶ ጉድ አፍልቷል። ፎርማኑ ሌላ ውሃ ልክ ከየት ያመጣል?

«እሺ፣ ሂድ። ጠዋት ግን ቀደም ብለህ ግባ።»

ውሃ ልክ ያጠናው እዚህ ላይ አልቋል። ግን እግሩ አልንቀሳቀስ አለው። ቀለም ቀቢው መሰላሉ ላይ ሆኖ ብሩሹን አቁሞ እየሰማ ነው።

«ሌላም አለኝ» አለ። ቋንቋው ከየት እንደመጣለት እንጃ። «ከረጢት ብቻዬን አላነሳም። ለሁለት ነው። ወለልም በየቀኑ አልንበረከክም። አንድ ቀን ወለል፣ አንድ ቀን ግድግዳ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ሳትናገር ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ነው።»

ፎርማኑ አፉን ከፈተ፤ ስልኩ ጮኸ፤ «እሺ በቃ፣ እሺ» ብሎ እየተናገረ ሄደ። ቃሉን ግን አላጠፈም። በማግስቱ ወፍራም የጉልበት መከላከያ አምጥቶ ያለ አንዳች ንግግር የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ወረወረለት። ከዚያ በኋላ ከረጢት ለሁለት ማንሳት የሁሉም ሆነ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላውም ወገብ እንዳለው ትዝ አለው። ቀለም ቀቢው ከመሰላሉ ወርዶ የውሃ ልክን ትከሻ መታ መታ አደረገው። «ያ ጸሎትህ ሰመረ ማለት ነው» አለው።

ወራት አለፉ። ውሃ ልክ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ እግሩን እያነሳ ሲያወርድ፣ ሹፌሩ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ቴሌቪዥን እያየ «አንድ! ሁለት! በርታ የኔ ወታደር!» እያለ ያደምቅለታል። አንድ እሑድ ጠዋት ውሃ ልክ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጎንበስ አለና የጫማውን ክር ፈታ። ከዚያ አሰረው። ደግሞ ፈታው። ማንም አላየውም፤ ለማንም አልተናገረም። ሻሹን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንገቱ ላይ ነው የሚያደርገው።

ተራው የሹፌሩ ሆነ። እግሩ ማበጥ ጀመረ፤ ደረጃ ሲወጣ በየመሀሉ እየቆመ ግድግዳ ላይ የሌለ ነገር የሚመረምር ይመስላል። የእህቱ ልጅ ልትጠይቃቸው ስትመጣ አየችውና የግፊት መለኪያዋን አወጣች። ክንዱ ላይ ጠምጥማ ለካችው፤ ማሽኑን አየችው፤ ደግማ ለካችው።

«ይሄ የደም ግፊት ነው ወይስ የስልክ ቁጥር?» አለች።

«መኪናው ነው፣ ትራፊኩ…»

«መኪናው አይደለም። ነገ ሐኪም ጋ ይሄዳሉ። ጨው ይቀንሳሉ። ሰውነትዎን ያንቀሳቅሳሉ።» እናቱ እንኳ እንዲህ ተቆጥታው አታውቅም።

ሐኪሙም መድኃኒት ሰጥቶ ይህንኑ ደገመለት። ሹፌሩ እስኪመለስ ውሃ ልክ በር ላይ ቆሞ ነበር የጠበቀው።

«እህሳ?»

«ተንቀሳቀስ አለኝ።»

«ረቡዕ አብረን እንሄዳለን። ባለሙያዋን ጠይቄልሃለሁ፤ ይምጣ ብላለች። መቼም ለሐይቅ ዳር ልጅ ገንዳ ምኑም አይደለም።»

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምኔም አይደለም» አለ።

ረቡዕ ደረሰ። ሹፌሩ እስከ ገንዳው ዳር ድረስ ሲያወራ መጣ፤ ስለ ሞገድ፣ ስለ ጀልባ፣ ስለ ዓሣ መረብ። ደረጃውን ናቀና ከጎን በኩል ተቀምጦ ሸርተት ብሎ ገባ። ገብቶም ጠፋ። ሆዱ ብቅ አለ፣ ከዚያ እጁ፣ ከዚያ እንደገና ምንም። ውሃ ልክ ያን ጊዜ ብረቱን ይዞ ነበር። ምን እንዳደረገ ሳያስበው ለቀቀው፤ ውሃውን በደረቱ እየገፋ ሄደና ጓደኛውን በብብቱ ሥር ይዞ ጎተተው።

«ቁም!» አለው። «በእግርህ ቁም! ደረትህ ድረስ ነው!»

ሹፌሩ ቆመ። እውነትም ደረቱ ድረስ ነው። ሳለ፣ ተፋ፣ ዓይኑን ጠረገ። አዛውንቶቹ ሁሉ ዙሪያውን ከበውታል፤ ባለሙያዋም ደርሳ ትከሻውን ይዛለች። ደህና መሆኑን ሲያይ ውሃ ልክ ጠየቀው፦

«የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ አላልክም?»

«ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት አልኩ እንጂ» አለ ሹፌሩ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ፣ «ሐይቅ ውስጥ አደግኩ አላልኩም።»

ውሃ ልክ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ያየው ሰው አልነበረም፤ ጣሪያው ሳቁን እየመለሰ አበዛው። ሹፌሩም ቀስ በቀስ ተከተለው። ባልቴቷ ቋንቋው ባይገባቸውም ሳቁ ገብቷቸው አብረው ሳቁ። ስቆ ሲጨርስ ነው ውሃ ልክ ዞር ብሎ ያየው፤ መደገፊያ ብረቱ ማዶ ቀርቷል፤ እሱ ገንዳው መሀል ቆሟል።

ባልቴቷ ይህን አስተውለው ነበር መሰል፣ ቀርበው በእጃቸው ምልክት እያሳዩ፣ ቃላቱንም ለእሱ እንዲገባው እየሰባበሩ «ይተኙ» አሉት። «በጀርባዎ። እኔ ራስዎን እይዛለሁ።» እናቱ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው፤ እምቢ ማለት ነውር መሰለው። ራሱን መዳፋቸው ላይ አሳረፈ። ሰውነቱ እንደ ሣንቃ ደረቀ፤ እግሩ ሰመጠ።

«ውሃውን አይያዙት» አሉት። «እሱ ይያዝዎት።»

ትንፋሹን ለቀቀ። ጆሮው ውሃ ውስጥ ገባና የአዳራሹ ጫጫታ ጠፋ። የሚሰማው የራሱ ትንፋሽ ብቻ ሆነ፤ ሲገባ፣ ሲወጣ። እግሩ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሳ። ጣሪያው ላይ የመብራቱ ነጸብራቅ ይርገበገባል። ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ ሲሸከም ነው የኖረው፤ ከረጢት፣ ሴራሚክ፣ የቤቱን ሐሳብ፣ የልጆቹን ነገር። አሁን እሱን ራሱን የሚሸከም ነገር አገኘ፤ ምንም ሳይጠይቀው። ባልቴቷ መዳፋቸውን መቼ እንዳነሱ አላወቀም። ሲነሳ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «በረኪናው ነው» አለ።

ጉልበቶቹ እንደ አዲስ አልሆኑም። ባለሙያዋም አልዋሸችውም፤ «አዲስ አይሆኑም፤ ግን በጥንቃቄ ከያዟቸው ያዘልቁዎታል» ብላዋለች። ብርድ ሲሆን ጠዋት ጠዋት ያጉረመርማሉ። ማስታገሻ ግን እንደ ከረሜላ መቃም ቀርቷል፤ ሌሊት ሳይገላበጥ ይተኛል፤ ሥራ ቦታም ሲደክመው «ደከመኝ፣ ጥቂት ልረፍ» ማለት ለምዷል። ሰማዩ አልወደቀም። የሹፌሩም እግር እብጠቱ ጎድሎ ደረጃውን ሳይቆም ይወጣል፤ የግፊቱ ቁጥር አሁን የስልክ ቁጥር አይመስልም፤ ስለ ጨው አልባ ምግብ የሚያሰማው ምሬት ግን ከፍ ብሏል።

ሚስቱ በወሬ አልረካ አለች። «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብላ ስትወተውት፣ የእህቱ ልጅ ባለሙያዋን አስፈቅዳ አንድ ረቡዕ ስልኳን ይዛ ገንዳው ዳር ቆመች። ከወዲያ በኩል ሚስቱ ብቻ አልነበረችም፤ እህቱ አለች፣ ጎረቤት አለች፣ ሁሉም አንዲት ስልክ ላይ ተደፍተዋል።

«የታለ? የታለ?»

«ያውላችሁ፣ በጀርባቸው የተንጋለሉት።»

እልልታው ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ውሃ ልክ ሰምቶ ራሱን ቀና አደረገ፤ እየቀዘፈ ወደ ዳር መጣ። አካሄዱ ባልቴቷን ባያክልም አልሰመጠም።

«እህስ?» አላት ፊቱን በእጁ እየጠረገ።

ሚስቱ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አምሮብሃል» አለችው። ቀጥላም፣ «ዓሣው ግን ምንድነው?»

«ምርጫ አልነበረም።»

«አይቀየር። ወድጄዋለሁ። ለፈቃድ ስትመጣ ይዘኸው ና፤ ሰፈሩ ሁሉ ይይልኝ።»

«የት ልዋኝበት? በባልዲ?»

«እሱን እኔ እጨነቅበታለሁ። አንተ ብቻ ቀጥ ብለህ ና።»

ከገንዳው ወጥተው ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ፤ ውሃ ልክ፣ ሹፌሩና የእህቱ ልጅ፣ ሦስቱም። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ መንገዱ ከሥራ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል። የውሃ ልክ ፀጉር አልደረቀም፤ ሻሹን አናቱ ላይ ጠምጥሞታል። ከውሃ የወጣ ሰው ርሃብ ልዩ ነው። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ሽታው ሦስቱንም አስቆማቸው። ትኩስ ዳቦ ገዝተው እዚያው መንገድ ላይ እየቆረሱ ይበሉ ጀመር።

«በሚመጣው ሳምንት እኔም በጀርባዬ ነው የምንሳፈፈው» አለ ሹፌሩ አፉን ሞልቶ።

«በሆድህ ይቀልሃል» አለ ውሃ ልክ።

«እሱን ዳቦ ቀነስ ያድርጉት» አለች የእህቱ ልጅ ለሹፌሩ።

«ጨው የለበትም እኮ!»

«አለበት።»

ሹፌሩ ዳቦውን ገልብጦ አየው፤ ሩቡን ቆርሶ ለውሃ ልክ ሰጠው። ውሃ ልክ ተቀብሎ ጎረሰውና፣ የእግረኛው ማቋረጫ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ከሁለቱም ቀድሞ መንገዱን ተሻገረ።